የሙሽሪት ኩሽኔታ

«እታለም፣ እዚያ ማዶ የተቀመጠው ሰውዬ ስኳሩን ጨርሶ ከሆነ ወደዚህ ይላከው በይልኝ» አለ ታላቅየው። እዚያ ማዶ የተባለው ቦታ ቢበዛ ክንድ ተኩል ነው። ጠረጴዛዋ ሦስት ብርጭቆና አንድ የዳቦ ሳህን ከያዘች በኋላ ለክርን እንኳ ቦታ የማይተርፋት ስለሆነች፣ ሁለቱ ወንድማማቾችና እህታቸው ሻይ ሲጠጡ ጉልበታቸው ከሥር ይጋጫል። ቢሆንም ስኳሩ ከታናሹ እጅ ወደ እህት፣ ከእህት እጅ ወደ ታላቅየው እንደ ደንቡ ተጓዘ። «አመሰግናለሁ በይልኝ።» «ምንም አይደል በይልኝ።» እህታቸው ሁለቱንም አላለችም። ባሏ ሞቶ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትመለስ የጠበቃት ሥራ ይኼው ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝና ያለ ዓመት ፈቃድ በሁለት ወንድሞቿ መካከል የስልክ ማዞሪያ ሆና ታገለግላለች። ዛሬ ግን ዳቦ እንደገና ዋጋ ጨምሮ ስለጠበቃት ሆድ ብሷታል። «ዳቦው እንኳ በየሳምንቱ ይጨምራል፤ እናንተ አንድ ቃል አትጨምሩም!» አለችና ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ማጀት ገባች።

ወንዶቹ ብቻቸውን ቀሩ። ታናሹ ባዶ ብርጭቆውን አንሥቶ እንደገና ጠጣ። የሚናገረው ነገር ነበረው። ነገሩ ከሳምንት በፊት ጉሮሮው ላይ መጥቶ ቁጭ ብሏል፤ «ወንድምጋሼ፣ ጉድ ልሆን ነውና እርዳኝ» የምትል አጭር ነገር ናት፤ ግን አልወጣ አለችው። ታላቅየው መስኮቱን እያየ ዳቦውን በቀስታ ያኝካል። ታናሹ በመጨረሻ ተነሥቶ ጫማውን አሰረ፤ ፈታና ደግሞ አሰረ፤ ከዚያም ለግድግዳው «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሙ «ጡሩምባ» ነው። ስሙን ያወጣለት አንድ ሰው አይደለም፤ ጣቢያው በሙሉ በአንድ ድምፅ ነው ያጸደቀው። የከተማዋ ውኃ መግፊያ ጣቢያ የማሽን ክፍል አለቃ ሲሆን፣ በሱ አነጋገር ከተማዋ ጠዋት ጠዋት ፊቷን የምትታጠበው በሱ መልካም ፈቃድ ነው። በሱ አፍ ካፊያ ጎርፍ ነው፤ ጎርፍ ደግሞ ባሕር። አንድ ጊዜ ጣቱን ሚስማር ቢነካው ሦስት ቀን የተረከው ታሪክ ከማሳዘኑ የተነሣ የሒሳብ ክፍሏ ጸሐፊ አልቅሳ መዋጮ ልታሰባስብ ወረቀት ይዛ ተነሥታ ነበር። ሰው የሚወደውም ለዚሁ ነው። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ በዚያው ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ የሚጠራው «ጆሮ» ተብሎ ነበር። ጠመዝማዛ መፍቻውን ጫፉን ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሲከፍት የማሽኑን ሕመም ከነመድኃኒቱ ይናገራል። አንዱ ይሰማል፣ ሌላው ያወራል፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ሙሉ ሰው ይወጣቸዋል ይሉ ነበር የድሮዎቹ። የድሮዎቹ ግን አሁን የሉም። ጡረታ ወጥተዋል፣ ሞተዋል፣ ወይም ልጆቻቸው ጋ ገብተዋል። የማሽኖቹን ጠባይ የሚያውቅ የቀረ ብቸኛ ሰው ተብሎ የሚታመነው ጡሩምባ ነው፤ ይህን እምነት ያስፋፋውም ራሱ ነው።

የማሽን ክፍሉ ጣሪያው ከመርዘሙ የተነሣ ርግቦች ገብተው መውጫው የሚጠፋባቸው፣ ግራሶና እርጥብ ብረት የሚሸት አዳራሽ ነው። ስምንቱ ፓምፖች በአንድ ረጅም የኮንክሪት መደብ ላይ በተርታ ተቀምጠዋል። ቁጥር ቢኖራቸውም በቁጥር የጠራቸው የለም። ባልቴቷ፣ ዳኛው፣ ሳልተኛው፣ አኩራፊው፣ ጨዋዋ፣ ሙሽሪት፣ ሰካራሙና ዝምተኛው ናቸው። ወለሉ ላይ ያለው ንጣፍ ጆሮ ይቆምባቸው የነበሩ ስምንት ቦታዎች ላይ ተበልቶ ጎድጉዷል። ጡሩምባ በነዚህ ጉድጓዶች ላይ ሲያልፍ ሁልጊዜ እግሩን ሰፋ አድርጎ ይራመዳል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

ነገሩ የመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ይዛ በመጣች ባለሙያ ነው። ዕድሜዋ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ነገር የማታበዛ፣ ሻይ ያለ ስኳር የምትጠጣ ሴት ናት። ጣቢያው «ዲጂታል መንታ» ይሠራለታል ተባለ። «መንታ ማለት፣ ጋሼ፣ እዚህ አዳራሽ ያለ እያንዳንዱ ማሽን እዚህ ስክሪን ውስጥ አምሳያው ይቀመጣል» ብላ አስረድታዋለች። «እውነተኛው ሲግል አምሳያውም ይግላል፣ እውነተኛው ሲታመም አምሳያውም ይታመማል። ከዚያ ማንን እናሳርፍ፣ ማንን እናሠራ የሚለውን መንታው ይነግረናል።» «ሐኪም ቤትስ ማን ይወስደዋል?» ብሎ አስቋት ነበር። በየፓምፑ ሆድ ላይ አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር ተገጠመች፤ ንዝረቱን እየለካች በየሰከንዱ ወደ ላፕቶፑ ትልካለች። ሁሉም ያማረ ነበር፣ የጽዳት ሠራተኞች እስኪገቡ። እንግዶች ይመጣሉ ሲባል ስምንቱንም ፓምፖች በሳሙናና በጎማ ውኃ አጥበው እንደ እንቁላል አብለጨለጯቸው፤ በየሴንሰሯ ላይ የተለጠፈው የቁጥር ወረቀትም አብሮ ታጥቦ ሄደ። ገጣሚዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ከከተማ ወጥተዋል። ላፕቶፑ ውስጥ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ስምንት መስመሮች ይርገበገባሉ፤ በሌላ በኩል ሕይወት ያልተነፈሰባቸው ስምንት ግራጫ ፓምፖች ተሥለዋል። መስመሩን ከባለቤቱ የሚያገናኝ ጠፋ።

ባለሙያዋ ያልሞከረችው የለም። በመዶሻ መታ መታ አድርጋ አየች፤ መደቡ አንድ ስለሆነ አንዱን ስትነካ ስምንቱም መስመሮች ይዘላሉ። አንድ በአንድ እያቆሙ ማየት ደግሞ የዋናውን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ደብዳቤው ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ እንግዶቹ የሚመጡት ነገ ነው። ነገ ደግሞ ለአዲሱ ሰፈር ውኃ ስለሚለቀቅ፣ ሙሉ ጭነት የሚሸከመውን ፓምፕ መንታው መርጦ ማሳየት አለበት። ከሳምንት በፊት ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ ራሱን ይዞ ሲያማርር ጡሩምባ ዘሎ ተነሣ። «ምን ያስጨንቃችኋል! እኔ እኮ የነዚህን ማሽኖች ድምፅ የልጅ ለቅሶ እንደምትለይ እናት ነው የምለየው። መስመራቸውን አምጡልኝ፤ በአንድ ዓይኔ እያየሁ፣ በሌላው እየተኛሁ አዛምድላችኋለሁ።» ተጨበጨበለት። አጨብጭበው ሲጨርሱ ነው ብቻውን መሆኑ የተሰማው።

ዛሬ ቀኑ ደረሰና ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችው። ስምንቱ መስመሮች በስክሪኑ ላይ ይዘላሉ፣ ይወርዳሉ። ጡሩምባ ግንባሩን አኮሳትሮ ቀረብ አለ፤ ራቅ አለ፤ መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ አየ። ለሱ ስምንቱም አንድ ዓይነት ጥርስ ያላቸው ስምንት መጋዞች ናቸው። «ይቺ…» አለ። ባለሙያዋ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ጠበቀች። «ይቺ እንኳ…» ላብ ከአንገቱ ተነሥቶ ወደ ወገቡ ወረደ። ለነገ እንግዶች የተከራዩት ወንበሮች ተጭነው ሲመጡ በመስኮት አየ። «የኔ ልጅ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር በብርሃን ሣጥን አይታይም። ወረቀት ላይ አውጪልኝ። ምሳዬን እየበላሁ እጨርሰዋለሁ፤ እንዲያውም ምሳው ነው የሚዘገየው።» ስምንት ወረቀት አተመችለት። በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምሳ ወደ ቤቱ ሄደ።

ታላቅየው የውስጠኛው ክፍል መስኮት ሥር፣ የታመመ ጉልበቱን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ሬዲዮና የአባታቸው ካፖርት ብቻ ያሉባት ናት። ታናሹ በሩ ላይ ቆመና ወረቀቶቹን ለእህቱ ሰጠ። «እታለም፣ እነዚህን ለወንድምጋሼ ስጪልኝ። የስምንቱ ንዝረት ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ቢነግረኝ… ነገ እንግዳ አለብን በይልኝ።» እታለም ጭልፋ እንደያዘች በዓይኗ ሁለቱንም መዝና ወረቀቱን አልጋው ላይ አኖረችው። ታላቅየው አላነሣውም። የሾርባው ሽታ ከማጀት መጥቶ ክፍሏን ሞላ፤ ጎረቤት ልብስ እየተጨመቀ ነው። ብዙ ቆይቶ፣ የሌላ ሰው ነገር እንደሚነካ ሰው በሁለት ጣቱ የመጀመሪያዋን ወረቀት ሳብ አደረጋት። አያት። ገለበጣት። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ ነዳት፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ከዚህ እዚህ ስንት ነው?» አለ።

«አንድ ሰከንድ ነው፣ ወንድምጋሼ።»

እታለም ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ጥያቄው በሷ በኩል አላለፈም፤ መልሱም አላለፈም። ወንዶቹ ግን ልብ አላሉም። ታላቅየው ጣቱን እንደገና መለሰና በዚያች አንዲት ሰከንድ ልክ ማጉረምረም ጀመረ፤ መጀመሪያ በጉሮሮው፣ ከዚያ በደረቱ፤ ሁም-ሁም-ታ፣ ሁም-ሁም-ታ። ግራ እጁ አልጋው ጠርዝ ላይ ይመታል። ታናሹ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ። አውቋታል! «ባልቴቷ!» አለ። «ባልቴቷ» አለ ታላቅየው፤ «ስትነሣ ወገቧን ትይዛለች።» ሁለተኛዋን አነሣ። ስታስል፣ ስታቆም፣ ደግሞ ስታስል ሰማት። «ሳልተኛው። ይሄን ሳል ያስያዘው ያ የሐምሌ ጭቃ ነው።» «አንተ ነህ እኮ ያኔ እስከ ክንድህ ገብተህ የጠረግከው።» «መብራቱን የያዝከው አንተ ነህ፤ እጅህ ሲንቀጠቀጥ ዓይኔን አጠፋኸኝ እንጂ።» አራተኛዋ ላይ ሲደርሱ ታናሹ ሳያስበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አንድ የዝናብ ልብስ ለሁለት ለብሰው በአንዱ እጅጌ አንዱ፣ በሌላው ሌላው ገብተው ወደ ሥራ ይሄዱ የነበሩባቸው ጠዋቶች፣ ከአንድ ሳህን እየበሉ የመጨረሻዋን ጉርሻ «ያንተ ናት»፣ «ያንተ ናት» እየተባባሉ ድመት ትወስድባቸው የነበረችበት የእረፍት ሰዓት፣ ማታ ሲመለሱ ታናሹ በሰፈሩ ሰው ፊት የቀኑን ሥራ ሲተርክና ታላቅየው ከኋላው ቆሞ «ሦስት ፓምፕ አይደለም፣ አንድ ነው» እያለ ሲያርም፣ ይኼ ሁሉ በዚያ በሚያጉረመርመው ደረት ውስጥ ተቀምጦ የቆየ ይመስል አንድ በአንድ ወጣ። በከተማዋ ውስጥ በዚያ ሰዓት ከዚያች አልጋ የበለጠ የሚሞቅ ቦታ አልነበረም።

ስምንተኛዋ ወረቀት ላይ ሲደርሱ ጉርምርምታው ተቋረጠ። ታላቅየው ጣቱን መለሰ፤ እንደገና ሞከረ። የተስተካከለና ዘለግ ያለ ድምፅ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን አንዲት ትንሽ፣ ጥርስ የሚያሳክክ ኮሽታ አለች።

«ይቺ ሙሽሪት ናት» አለ ቀስ ብሎ። ቀጥሎም ቀና ብሎ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የወንድሙን ፊት አየ። «ያው ኩሽኔታ ነው።»

ታናሹ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። ሾርባው እንደቀረበ ቀረ።

ኩሽኔታ የፓምፑን ዘንግ አቅፎ የሚያሽከረክር፣ ውስጡ ኳሶች ያሉበት የብረት ቀለበት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ወንዙ ሞልቶ ባለበት አንድ እሁድ፣ የሙሽሪት ኩሽኔታ ጮኸ። ተረኞቹ ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ነበሩ። ታላቅየው ሰምቶ «ቀለበቱ ተሰንጥቋል፤ ግራሶ ሞልተህ በግማሽ ጉልበት አሂዳት፣ ነገ ሰው ሲመጣ እንከፍታታለን» ብሎ ወንዙን ሊያይ ወጣ። ጡሩምባ ግራሶውን ሞላ፤ ድምፁ ጠፋ። በዚያው ቅጽበት ሥራ አስኪያጁ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ከተፍ አለ። የጎርፉ ወሬ ያስደነገጣቸው ሰዎች ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቆመው «እንዴት ሆነች?» ሲሉት፣ ጡሩምባ ምን ያድርግ፤ እንዲህ ያለ ሰሚ በዕድሜው አግኝቶ አያውቅም። «ኩሽኔታዋን ቀየርኳት። ብቻዬን። በአርባ ደቂቃ» አለ። ያንን ፓምፕ ለመክፈት ሦስት ሰውና አንድ ክሬን እንደሚያስፈልግ ሕፃን ያውቃል፤ ነገር ግን አተራረኩ ክሬኑን አስረሳቸው። ውሸቱ እውነት እንዲመስል ከዕቃ ግምጃ ቤት አዲሱን ኩሽኔታ ፈርሞ አወጣ፤ መዝገቡ ላይም ተጻፈ። በማግስቱ ታላቅየው «አልተቀየረም» ብሎ አመለከተ። ግምጃ ቤቱ ወጥቷል አለ፤ መዝገቡ ተቀይሯል አለ፤ ሙሽሪትም ዝም ብላለች። ጡሩምባ የክፍሉ አለቃ ሆነ፤ ታላቅየው ግን በወንድሙ ዕድገት የቀና ሽማግሌ ተባለና ወደ በር ጥበቃ ተዛወረ። ማሽኖቹን ከሩቅ እየሰማ ሁለት ዓመት ዘብ ቆመ፤ ከዚያ ጡረታ ወጣ። ጡሩምባም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ፈቃድ አልወሰደም። ታታሪ ሠራተኛ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሸልሟል። በየቀኑ የሚመጣው ግን ሰው ሳያየው ሙሽሪትን ግራሶ ሊያጎርሳትና በግማሽ ጉልበት ብቻ ሊያስኬዳት ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ባለሙያዋ መስመሮቹን ከፓምፖቹ ጋር ማገናኘት ጀመረች። ሥራ አስኪያጁም ሊያይ መጥቶ ከኋላ ቆሟል። «እንዴት ለየሃቸው?» አለው። ጡሩምባ ከአፉ የወጣውን የሰማው ከወጣ በኋላ ነው፤ «ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ። አሥር ደቂቃም አልፈጀብኝ።» ባልቴቷ ተገናኘች፤ ግራጫዋ ምስል አረንጓዴ ሆና መተንፈስ ጀመረች። ሳልተኛው አረንጓዴ ሆነ። ዳኛው፣ አኩራፊው፣ ጨዋዋ፣ ሰካራሙ፣ ዝምተኛው ተራ በተራ ነፍስ ዘሩ። ባለሙያዋ ፈገግ አለች፤ ሥራ አስኪያጁ የጡሩምባን ትከሻ ጨበጠ። ሙሽሪት ተገናኘች፤ ቀይ ሆነች።

«ይቺ አልተስማማችም፣ ጋሼ» አለች ባለሙያዋ። «መዝገቡ ኩሽኔታዋ የሰባት ዓመት ነው ይላል። መስመሩ ግን ከፓምፑ ጋር አብሮ የተወለደ፣ የተሰነጠቀ ኩሽኔታ ነው የሚያሳየው። ወይ መዝገቡ ተሳስቷል፣ ወይ ማዛመዱ።»

«መዝገቡማ አይሳሳትም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እኔ ራሴ ነበርኩ እኮ በዚያ ቀን።»

ባለሙያዋ ጥቂት አሰበችና ጣቷን ዳኛው ላይ አደረገች። «የዳኛው ኩሽኔታ ተቀይሮ አያውቅም። የሁለቱን መስመር ብናለዋውጥ ሁሉም ይስማማል። ዳኛውን እናሳርፋለን፤ ኩሽኔታዋ አዲስ ነውና ነገ ሙሉ ጭነቱን ሙሽሪት ትይዛለች። ተሳስተው ይሆን?»

መውጫው ተከፍቶ ቀረበለት። «አዎ፣ ዓይኔ ነው» ቢል አለቀ። ሙሽሪት ግን ነገ ሙሉ ጭነት ይዛ፣ አጠገቧ እንግዳና ሠራተኛ ቆሞ፣ ቀለበቷ ሲበተን ምን እንደምትሆን ያውቃል። የሙሽሪትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ሥራ አስኪያጁ አይቶት ሳቀ። «ገባኝ። ዛፍ ሥር አይደለም የተቀመጥከው፤ ጆሮ ጋ ሄደሃል። ያ ሰውዬ ዛሬም ይቺን ኩሽኔታ አልተዋትም? አይ የሽማግሌ ቅናት! አለዋውጪያቸው፣ እህቴ።»

«ቆይ» አለ ጡሩምባ።

ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄደ። ሳጥኑን ከፍቶ፣ አሮጌ ቱታና ጨርቅ አውጥቶ፣ ከሥር አንድ ነገር በሁለት እጁ አቅፎ ተመለሰና ላፕቶፑ አጠገብ አኖረው። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ፣ ማሰሪያው ያልተፈታ፣ የግምጃ ቤቱ ወረቀት ከነቀኑ የተለጠፈበት የሰሃን ያህል ክብ ነገር ነው።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የሙሽሪት ኩሽኔታ።»

«አሮጌው?»

«አዲሱ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረው ንግግር በዕድሜው ሁሉ ያጠረው ነበር። «አልቀየርኩትም። ወንድሜ እውነቱን ነው። ዛሬም ያዛመደው እሱ ነው፤ እኔ አንዱንም አላወቅኩትም።» ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ ጆሮው ጫፍ ድረስ ቀላ። የቀላው በጡሩምባ ብቻ አልነበረም፤ ጆሮን ወደ በር ጥበቃ ያዛወረውን ደብዳቤ የፈረመው እጅ የራሱ ነው። ለአደጋ ደብዳቤ አይጠየቅምና ሙሽሪት እንድትቆም አዘዘ። ሦስት ሰውና ክሬን መጥተው አሥር ሰዓት ላይ ተከፈተች። ቀለበቱ ለሁለት ሊከፈል የቀረው ፀጉር ያህል ነው፤ ከኳሶቹ ሁለቱ እጅ ሲነካቸው ተፈረፈሩ። «የማሽን ክፍሉን ቁልፍ አስረክብ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ሰኞ በጽሑፍ ታስረዳለህ። ከዚያ በኋላ የት እንደምትመደብ እናያለን።» ጡሩምባ ቁልፉን ከወገቡ ፈታ።

ሊወጣ ሲል ባለሙያዋ ጠራችው። «ተቀይሯል» የሚለውን ሐሰት ከሙሽሪት መዝገብ ላይ ሰርዛለች። «ብልሽቱን ቀድሞ ያመለከተው ማን ልበል፣ ጋሼ?»

«ጆሮ በይው።»

«ሙሉ ስም ነው የሚቀበለው።»

የወንድሙን ስም ከነአባት፣ ከነአያት ነገራት። ስትጽፍ ፊደሉን እያየ በቀስታ አነበበና «አዎ፣ እሱ ነው» አለ።

ቤት ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ታላቅየው ደጁ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ፀሐይ እያስመታ ነው። ታናሹ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ነገርኳቸው።»

«ምኑን?»

«ኩሽኔታውን። ሁሉንም። ቁልፉንም ተቀበሉኝ።»

አንዲት ሴት የተጨመቀ ልብስ በሣፋ ይዛ አለፈች፤ ሰላም አለቻቸው፤ ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ሰባት ዓመት እንዲህ በአንድ ቃል እንደማይመለስ ታናሹ ያውቃል፤ ይቅርታ የምትለውን ቃል ግን ከየት እንደሚጀምራት አላወቀም። ቆሞ ጠበቀ። ታላቅየው የመንገዱን አቧራ ብዙ ካየ በኋላ ምርኩዙን ከአግዳሚው ላይ አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ምርኩዙ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆነ። ታናሹ ተቀመጠበት።

«ስትቆም ምን አለች?» አለ ታላቅየው።

«ቀስ እያለች ወረደች። መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ ኮሽ አለችና ዝም አለች።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ከዚያስ?»

«ይኸው ነው።»

ታላቅየው ጠበቀ። ሦስት ጊዜ ኮሽ ያላለች፣ አዳራሹን ያላናወጠች፣ አንድ እንግዳ እንኳ ያላስደነገጠች ሙሽሪት አልዋጥ አለችው። የወንድሙን ፊት ከጎን አየ። ጉንጩ ላይ የግራሶ እድፍ አለ፤ አገጩ ወርዷል፤ ያ ሰፈር የሚያናውጥ አፍ እንደ ተዘጋ ሱቅ ጭር ብሏል።

«ምን ሆነሃል?» አለው። «ሃያ ስድስት ዓመት ነው እኮ የሰማኋት። እንዲህ ነው የምትሸኛት? እስቲ ትንሽ ጨምርበት።»

ታናሹ ቀና አለ። እየቀለደበት እንደሆነ ለማየት የወንድሙን ዓይን ፈለገ፤ ታላቅየው ግን እንደ ድሮው፣ ሊሰማ ሲል እንደሚያደርገው፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ታናሹ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መጀመሪያ እንዲያው ወንዙ ራሱ ቆመ» አለ፤ ድምፁ ሸካራ ነበር። «ዓሦቹ ‹ምን ተፈጠረ?› ብለው አንገታቸውን አወጡ…»

«ዓሣ አንገት የለውም» አለ ታላቅየው፣ ዓይኑን ሳይከፍት። «ቀጥል።»